የድሮው ወይስ አዲሱ?

የአባቴ የምርጫ ካርድ ላይ «ቀበሌ ጽሕፈት ቤት» ይላል። የድሮው ይሁን አዲሱ አይልም! ለአካባቢው ምርጫ አባቴ ገና በጠዋቱ ጣታቸውን በሳሙና አሽተው ተዘጋጅተው ነበር፤ «ሰልፉ ሲቀንስ እንሄዳለን» ያልኩት እኔ ነኝ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ የድሮው ቀበሌ ሱቅ ሆኗል። «አዲሱ ኤረር በር ነው፤ እዚያ ሂዱ» አለን ባለሱቁ። ባጃጅ በማያስገባው ጠባብ መንገድ ክንዳቸውን ይዤ እየጎተትኩ ያልረገምኩት ሰው የለም። ምርጫው የሚያበቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አሥር ደቂቃ አሳልፈን ደረስን። በሩ ተዘግቷል። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ አለቀስኩ። አስመራጯ «አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አባቴ ጣታቸውን በበሩ ፍርግርግ ወደ እሷ አሾለኩ።

«ልጄ፣ ቀለሙን እንኳ ቀቢኝ። የሰፈሩ ሰው ጣቴን ያያል።»