ጭብጨባ ያልተፈቀደለት ዘፈን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢቀዳ ስንት ይሞላል? የካሴት አንድ ገጽ ይሞላ ይሆን? ይግዛው ሞፈሩን ደገፍ ብሎ በሬዎቹን በሚያሳርፍበት ሰዓት ይህን ራሱን ይጠይቅ ነበር። በሬዎቹ ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ትልሙ ይገባል።

በዋግ፣ የፃግብጂ ገበሬ ነው። ማሲንቆ የያዘው ከአዝማሪ ተወልዶ አልነበረምና ጎረቤቱ ሁሉ “አባቱ ዕርፍ ቢያወርሰው እሱ ጭራ ይጎትታል” እያለ ይስቅበታል። ግጥሙን ከየት እንደሚያመጣው ሲጠይቁት ቃርሚያ ነው ይላቸዋል። ሰው ተናግሮ የጣለውን ይለቅማል፤ ሽማግሌ አውድማ ላይ ያጉረመረመውን፣ ልጃገረዶች በሻደይ በዓል ጀምረው የተዉትን ስንኝ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ በአጥር ያመለጠውን ቃል።

አንዱን ዘፈን ግን አልቃረመውም። ከእናቱ ለምኖ ነው የወሰደው።

እናቱ እመት ባንቺ አልቃሽ ነበሩ። የእሳቸው ሙሾ ያልወረደለት ሬሳ እንደ ቀለለ ይቆጠር ነበር። ታናሽ ልጃቸው አንዷለም ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በንዳድ ሞተና እዚያው ቀበሩት። መርዶው ሲመጣ ሬሳ አልነበረም፤ ኩታው ተዘርግቶ ተለቀሰ። እመት ባንቺ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ሙሾ አወረዱለት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

እጁን ሰሊጥ በላው፣ እግሩን በረሃ፤
ማን አፈር አለበሰው፣ ማን ሰጠው ውሃ።

በ1989 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ባለሙዚቃ ቤት ይግዛውን ካሴት እንዲያወጣ ጠራው። ከመሄዱ በፊት እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። “እማ፣ መቃብሩ ሰው አገር ነው፤ እስቲ በሰው ጆሮ እንኳ ይኑር” አላቸው።

በአገሩ ደንብ ለለቅሶ የወጣ ቃል ለደስታ አይመለስም። እመት ባንቺ የአንዷለምን ኩታ አውጥተው እንደገና አጠፉት።

“ውሰደው” አሉት በመጨረሻ። “ብቻ ጭብጨባ አይንካው።”

ማለላቸው።

አዲስ አበባ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ከማሲንቆው ጋር ብቻውን አንጎራጎረው። ሲጨርስ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለው። ባለሙዚቃ ቤቱ ቅንብሩ እስኪጠናቀቅ እንዲቆይ ነግሮት ነበር፤ ግን ዝናብ ጥሏል የሚል ወሬ ከሰቆጣ በስልክ ደረሰው። ዋግ ላይ ዝናብ ሁለቴ አይጣራም። ዘር ይቀድማል ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ዘፋኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቆይ ነበር፤ ገበሬ ነበርና ሄደ።

ካሴቱ ሰቆጣ ሲደርስ ዘሩ በቅሏል። ካሴት ሻጩ ቅጣው በሱቁ በር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። በእናቱ ሙሾ ላይ ይግዛው ከሄደ በኋላ ቅንብር ተጭኖበታል፤ ኪቦርዱ ይዘልላል፣ ከበሮው ያሯሩጠዋል፣ ከሥር ጭብጨባው ይወርዳል። ሰቆጣ ውስጥ ኽምጣኛ የማይሰማ ጥቂት ነው። ሰው ቃሉን እያወቀ ትከሻውን ሰበቀ። ለካ ሐዘን ለመቅበር አፈር አያስፈልግም፤ ምት ይበቃል።

እመት ባንቺ በገበያ ቀን ጨው ገዝተው ሲመለሱ በዚያ በር አለፉ። ቅጣው በኩራት “ይስሙ እንጂ እመት ባንቺ፣ ልጅዎ እኮ ነው” አላቸው።

“የትኛው?” አሉት።

ቤት ገብተው ለይግዛው የተናገሩት ከዚህ ብዙ አይበልጥም። “አንዷለም ሳይዳር ነበር የሞተብኝ። ዳርክልኝ።”

ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረዱም። ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አፋቸው አይከፈትም። ይግዛው ባለሙዚቃ ቤቱን ዘፈኑን ከካሴቱ ላይ አውጣልኝ ብሎ በስልክ ቢለምነው፣ ካሴቱን ያሸጠው ይኸው ዘፈን አይደለም እንዴ ብሎ ሳቀበት። ሌላ ካሴትም አላወጣም። ቃርሚያውን ለቀመ፣ ግን ማንም ሳይሰማው በማሳው ላይ በተነው።

በ1996 ዓ.ም. ጥር፣ ዘመዳቸው ደጅይጥኑ ልጁን ሲድር ይግዛው ማሲንቆውን ይዞ ዳስ ገባ። ያንን ዘፈን ካልተጫወትክ ብለው ያዙት። እምቢ ቢል ከበሮው ራሱ ጀመረው። በዳሱ ቅጠል መካከል አሻግሮ ሲያይ እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ለመግባትም ለመሄድም ሳይወስኑ ቆመዋል።

ተነሥቶ ማሲንቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከወንዶቹ አንዱ ጠላው ቀጥኖበት ነው ብሎ አሳቃቸው። የለመነውን የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ጭብጨባው ቀጠለ። የለመነውም ይህን ብቻ ነበር፦

“ልዝፈነው፤ ግን ለዛሬ እጃችሁን ሰብስቡልኝ። እናቴ ውጭ ቆማለች።”