የባላጋራዬን ቃል ሳልሰማ

ወንድሜ በእርጅናው የገዛ ደጁን ረስቶ ሰው ቤት ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ የቤቴን ቁልፍ ገብስ ጎታ ውስጥ ጥዬ ግማሽ ቀን ስፈልግ የዋልኩ ጊዜ ፈራሁ። ጎንደር ያለችው ልጄ ይህን ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ «አባባ፣ ደባርቅ ብቻዎን መኖር ይብቃዎ። መጥቼ እወስድዎታለሁ» አለችኝ በስልክ።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ጎረቤት አለኝ፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ቼዝ ሲጫወት አየው ነበር። «ያንን ጨዋታ እማራለሁ። ከተማርኩ አእምሮዬ ደህና ነው፤ ቤቴን አልለቅም። ካልተማርኩ ነይና ውሰጂኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን እሺ አለች። ከመስቀል በኋላ ልትመጣ ቀን ተቆረጠ።

ክረምቱን ሙሉ አስተማሪው ደጅ እየሄድኩ ተሸነፍኩ። ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል፣ ወታደሩ ወደፊት ብቻ እንደሚሄድ ቶሎ ያዝኩት። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ወታደር ለመብላት ንግሥቴን እልካታለሁ፤ እሱ ንግሥቴን ይበላታል። በማግስቱም እንዲያው። ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ፣ በቃ እንደ ወንድሜ ሆንኩ እል ነበር።

አንድ ቀን ልተወው ብዬ ተነሣሁ። «አእምሮዬ ሄዷል፤ አትድከም» አልኩት።

«ይቀመጡ ጋሼ። አሁን የተሸነፉትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

እኔ ምን እንዳነሣሁ፣ እሱ ምን እንዳነሣ፣ ንግሥቴ እስከሞተችበት ድረስ ነገርኩት።

«ይህ የሚረሳ ሰው ወሬ ነው?» አለ። «ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ይጠሩዎታል። እንዴት ነው የሚፈርዱት?»

«ሁለቱንም ሰምቼ ነዋ።»

«እዚህ ግን የራስዎን ብቻ ነው የሚሰሙት። እኔ ስናገር ጆሮዎን ይደፍናሉ።»

«አንተ መቼ ተናገርክ?»

«አንዱን ባነሣሁ ቁጥር።»

ተናደድኩ፤ እውነቱን ነዋ። የባላጋራውን ቃል ሳይሰማ የሚመልሰውን ሰው ስንቴ ዝም አሰኝቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ እጄን ጭኔ ሥር አደርጋለሁ። እሱ ሲያነሣ፣ ምን አለ? ምን ፈልጎ ነው? እላለሁ። መልሱን ሳላገኝ እጄ አይወጣም። ስሸነፍም ከየት እንደተበላሸ መልሼ አወጋዋለሁ። ለጀማሪ ሌላ ምክር የለኝም።

ልጄ ለልብሴ የሚሆን ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። አጠገባችን ተቀምጣ ስታይ፣ እሱ ፈረሱን አነሣና አንድ ወታደሩ ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ ቀረ። እጄ ሊወጣ ነበር። ቆይ፣ ምን አለ? ብዬ ባይ፣ ፈረሱ ሲነሣ ከኋላ ለነበረው፣ በሰያፍ ለሚሄደው ጳጳስ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ንግሥቴን ብልካት ሊበላት ነው። ወታደሩን ተውኩት።

«ዛሬ ሰሙኝ» አለ።

ጨዋታው ረዘመ። መጨረሻ ላይ ግን እሱው አሸነፈ።

«ተሸነፉ እኮ፣ አባባ።»

«ተሸነፍኩ። የት እንደተሸነፍኩ ልንገርሽ» ብዬ አንድ በአንድ አወረድኩላት። አስተማሪው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል። እሷም፣ «ቁልፉስ?» አለች።

ቁልፉን ከአንገቴ ክር ጎትቼ አሳየኋት። ሳቋ መጣ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣውን ድንችና ባቄላ ሞልተንበት ስለነበር ረዳቱ ጣራ ላይ ሲጭነው አጉረመረመ። ከዚያ ዘወር ዘወር እያልኩ ተመለስኩና ደጄን ራሴ ከፍቼ ገባሁ።