ያልተመለሰው ወታደር

ትናንት መዝገብ ቤት ገብቼ አንድ የቆየ የወታደር ፋይል ስገልጥ፣ ገጹ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ፎቶ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው የአያቴ ቤት መለሰኝ። ያንኑ ፊት በልጅነቴ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሳየው አድጌያለሁ።

የአያቴ አባት ነው። እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ዘምቶ ቀረ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የፎቶው መስታወት ረጥቦ ነበር። አያቴ በሻሻቸው ጫፍ ሲያደርቁት፣ "መሞቱን በምን አወቁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

እጃቸው ቆም አለ። "ቢኖርማ ይመጣ ነበር፣ ልጄ። መንገዱን ያውቀዋል" አሉኝ። ከዚያ ፎቶውን መልሰው ሰቀሉና ዱዓ አደረጉለት።

ፋይሉ ግን ሌላ ነው የሚለው። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ "በሙሉ ጤንነት ተሰናብቶ ወደ ትውልድ አገሩ ጅማ ተሸኝቷል" ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ኮፒ አስደርጌ ወጣሁና በእግሬ የጅማን መርካቶ ዞርኩ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስደርስ አልፌው ሄድኩ። ተመለስኩ፤ እንደገና አለፍኩት።

በመጨረሻ ገባሁ። የአያቴ ዓይን አሁን ደክሟል፤ ከአባታቸው ፋይል የተገለበጠ መሆኑን ስነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው በጣቶቻቸው ዳሰሱት።

"ስሙ አለበት?"

"አለበት።"

"የት እንደተቀበረስ ይላል?"

"አይልም፣ አያቴ።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። "እንግዲያው አንብቢልኝ። እስከ መጨረሻው" አሉኝ።

ከስሙ ጀመርኩ፣ በጣም ቀስ እያልኩ።