የአማቷ ወገብ

ሰፈሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ባለሱቁም፣ አከራይዋም፣ ጎረቤቱም «ምራትየዋ» ነው የሚላት። ምራት ያሰኛት ባል ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሲመላለስ ሲመላለስ የመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ሻንጣውን ሲሸክፍ ምላጩን እንኳን አልረሳም። እናቱን ግን ትቷቸው ሄደ።

ምራትየዋ የምትሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፤ ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላና የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ፣ ፊቷ በእንፋሎት ረጥቦ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ እንፋሎት ይጠብቃታል። አሮጊቷ ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ የሚወርዱት ግድግዳ ይዘው ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አገላብጣ አይታቸው እውነቱን ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እማማ፣ ይሄ ዕድሜ ያመጣው ነው፤ ነቅሎ የሚያወጣው መድኃኒት የለም። ሲብስብዎት ኪኒኑን ይዋጡ። ከዚያ ውጪ የሚያስታግሰው እርጥብ ሙቀት ነው።» ከዚያ ወደ ምራትየዋ ዞረች። «ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ጥብቅ አድርገሽ ጭመቂው። የፈላ ውሃ እንዳይሆን። መጀመሪያ የራስሽ ክንድ ላይ ሞክሪው፤ አንቺ ካልቻልሽው እሳቸውም አይችሉትም። ከሥር ደረቅ ጨርቅ አንጥፊ፤ ቶሎ ቶሎ እያነሳሽ ቆዳቸውን እዪ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የምራትየዋ ሥራ ይኸው ሆነ። ውሃ ታሞቃለች፣ ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ክንዷ ላይ ትሞክራለች። አሮጊቷ በሆዳቸው ተኝተው ከትራሱ ውስጥ ይነዘንዛሉ።

«ዛሬ ደግሞ ለብ ያለ ነው። ጋዝ ቆጠብሽብኝ?»

«ኧረ እማማ፣ ልክ ነው።»

«ልጄ ቢኖር ይሄኔ ትልቅ ሐኪም ቤት አስተኝቶኝ ነበር።»

«እሱማ መቼ ይጠፋዋል።»

ሙቀቱ ሲዘልቃቸው ትከሻቸው ይረግባል፣ ቃላቸው ይጎተታል፤ የጀመሩትን ወቀሳ ሳይጨርሱ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል። «መርቀውኝ አያውቁም» ትል ነበር ምራትየዋ ለሥራ ጓደኛዋ፤ «ግን አንድም ቀን ስድባቸውን ጨርሰውት አያውቁም።»

አንድ ቀን ወንድሟ ከሌላ ከተማ ደወለ።

«እስከ መቼ ነው የሰው እናት ወገብ ይዘሽ የምትኖሪው? ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ። እኔ ጋ ነይ፤ ሱቁን ብቻዬን አልቻልኩትም። አንድ ክፍል አለልሽ።»

ነገሩን ስታወጣው ስታወርደው ሰነበተች። በመጨረሻ ልቧ ቆረጠና ለላውንደሪው ባለቤት በወሩ መጨረሻ እንደምትለቅ ነገረችው። ለአሮጊቷ መንገር ግን አንደበቷን ያዛት። ዛሬ ስትል፣ ነገ ስትል እሑድ ደረሰ፤ እሑድ ደግሞ ልጅየው መጣ።

ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል። ፊቷን ሳያይ «ደህና ነሽ?» ብሏት አልፎ እናቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ቀና ሊሉ ሲታገሉ ወገባቸው ቆልፎ መለሳቸው። ቢሆንም ይስቁ ነበር።

«ፎጣውን ዛሬ አንተ አድርግልኝ፤ የልጅ እጅ ይለያል።»

«እንዴት እንደሆነ ላሳየው» አለች ምራትየዋ።

«ልጄ ፎጣ መንከር ያቅተዋል? ይልቅ ሂጂና ለሻዩ ስኳር ግዢለት።»

ሄደች። ስትመለስ አሮጊቷ ፊታቸውን ትራሱ ውስጥ ቀብረዋል፤ ማጅራታቸው ላብ በላብ ሆኗል። ልጅየው እጁን እያደራረቀ «እንዴት ነው እማዬ?» ሲላቸው «ገነት ነው፣ ዓለሜ» አሉት። ሻዩን ጠጣ፣ ጉንጫቸውን ሳማቸው፣ ሄደ።

የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ ምራትየዋ ፎጣውን አነሳች። ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ አልነበረም። ወገባቸው ዳር እስከ ዳር ቀልቶ መሃሉ ውሃ ቋጥሯል።

«ምነው እማማ፣ ለምን አልጮሁም?»

«ደስ ብሎት ነበር።»

«ምን?»

«እኔን በማስታመሙ ደስ ብሎት ነበር። ልጩህበት?»

በማግሥቱ ታክሲ ተሳፍረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ቁስሉን አይታ ምራትየዋ ላይ አፈጠጠች። «በደንብ ነግሬሽ አልነበረም?» አለቻት። ምራትየዋ ወደ አማቷ ዞረች። አሮጊቷ ግድግዳውን ያያሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ምራትየዋ፤ ስለ ቁስሉ መድኃኒት ጠየቀች። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ምራትየዋ አማቷን እንዳቃጠለች ሰማ። ማን እንዳወራው አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነበር። ቁስሉ እስኪደርቅ ወገባቸው ላይ ምንም አይቀመጥም። ሕመሙ ግን ቁስል አለ ብሎ አልራራላቸውም። አሮጊቷ በሆዳቸው ተኝተው ያቃስታሉ፤ ስድብም ተዉ። ምራትየዋ ስድቡ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ዝም ሲሉ ቤቱ ጠበባት። እንዲህ ሆነው ጥላቸው ልትሄድ አንጀቷ እንቢ አላት። ይሄ ፍቅር ይሁን መታሰር፣ ለራሷም አልለይ አላት።

ወንድሟ ጠብቆ ጠብቆ ሱቁን ለሚስቱ እህት ሰጠ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ቀረሽብኝ» አላት። ላውንደሪ ቤቱም በቦታዋ ሌላ ተኳሽ አስገብቶ ነበር። ለምና ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባች። እዚያ እጅ ከሳሙናና ከቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም።

ቁስሉ ጠባሳ ሆነ። ነርሷ «አሁን ይቻላል፤ ግን ከበፊቱ ቀለል ያለ ሙቀት ይሁን» ስትል፣ ምራትየዋ በዚያው ምሽት ውሃ ጣደች። ጨርቁን አነጠፈች፤ ፎጣውን ጨምቃ በቀስታ አሳረፈችው። አሮጊቷ አንዴ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «መጣህ?»

የፎጣውን ጠርዝ አስተካከለች። አሮጊቷ እየጠበቁ ነው።

«መጣሁ» አለች ዝቅ ብላ።

«ተባረክ። እጅህ ጥሩ ነው።»

የጨርቁን ጠርዝ አንስታ ቆዳቸውን አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፤ ሁለተኛውን ፎጣ ልትነክር ተነሳች።