የጌም ሽምግልና

አብሮ አደጌ ሠርጉ ሲቃረብ ከሚዜነት ሰረዘኝ። ያጣላን ሴት አይደለችም፤ የጌም ማሽን ነው። እሱ የጃፓኑ ማሽን አለው፣ እኔ የአሜሪካው፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ደግሞ በየራሳቸው ስቱዲዮ ጌም ይሠራሉ። የማን ባለሙያዎች ይበልጣሉ እየተባባልን ዓመታት ተከራክረናል። አንድ ቀን ከእጮኛው ጋር ሆነን ኮተቤ ምሳ እየበላን፣ "የእናንተዎቹ የሌላውን ስቱዲዮ መግዛት እንጂ መሥራት አይችሉም" አለኝ። እኔ መቼ አርፌ! "የእናንተዎቹ የሚያውቁት አንድ ጌም ነው፤ ያዘነ ሰውዬ ረጅም መንገድ ይሄዳል" አልኩት። እጮኛው በሳቅ ፈረሰች። ነገሩ የከረረው ያኔ ነው።

በማግሥቱ ሚዜነቱን ለአጎቱ ልጅ ሰጠው። ሆድ ባሰኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የእንጦጦ ማርያምን ዳገት እየወጣን፣ ቀድሞ ላገባው ሌላው አንደኛ ሚዜ እንደሚሆን ተባብለን ነበር። ሱፌን እንኳ አሰፍቼ ጨርሻለሁ።

እናቴ "ለጌም ብላችሁ?" ብላ ከሳቀች በኋላ ሽማግሌ ላከችበት። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ቤት ነው።

"ያላየሁትን አልፈርድም፤ ሁለቱንም አምጡ" አሉ። ማሽኖቻችንን ተሸክመን ሳሎናቸው ገባን።

መጀመሪያ የእኔን የመኪና ውድድር ሞከሩ። በየኩርባው ፍሬን እየያዙ፣ ለመጣው ሁሉ ቅድሚያ እየሰጡ መጨረሻ ወጡ። "ይሄን የሠሩት መንዳት ያውቃሉ" ሲሉ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የእሱን ያዙ። ጠላት የጌሙን ፈረሰኛ ያሳድደዋል፣ እሳቸው ግን ፈረሱን ኮረብታ ላይ አቁመው አገር ያያሉ። "እነዚህስ እንጦጦን ሳያዩ አልቀሩም" አሉ። አሁን ደረቱን የነፋው እሱ ነው።

"ታዲያ ጋሼ፣ የማን ይበልጣል?" አልኳቸው።

"አንተ የእሱን ተጫውተህ ታውቃለህ?"

የማሽኔን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

"አንተስ የዚህን?" አሉ ወደ እሱ ዞረው።

እሱም የራሱን መጠቅለል ጀመረ።

"ሳትቀምሱት ነው እንዴ ወጥ የምታማርጡት? እስከ ሠርጉ ማሽን ትቀያየራላችሁ። ሚዜነቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ!"

የሽማግሌ ቃል አይታለፍም፤ ተሳሳምን። አንገቴን አንቆ ሲይዘኝ እሱም እንደከፋው ገባኝ።

የሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ልናመጣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ስንሄድ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። በእሱ ማሽን ስጫወት ያ ያዘነ ሰውዬ መንገዱን ሲጨርስ እኔንም አስለቅሶኝ ነበር፤ ይሄን ሳልነግረው ማግባት የለበትም።

"እውነቱን ልንገርህ፣ ያንተዎቹ ይበልጣሉ" አልኩት ክራቫቱን እያስተካከልኩለት።

"በፍጹም! ያንን ውድድር ሳምንቱን ሙሉ ስጫወተው ነው የከረምኩት። ያንተዎቹ ናቸው የሚበልጡት!"

"ኧረ ተው! ያንተዎቹ!"

"ያንተዎቹ አልኩህ!"

ድምፃችን ከመኪኖቹ ጡሩምባ በላይ ሆነ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

"ፍሬን ያዝ ልጄ፤ እነዚህን እንደገና ሳላስታርቅ ሙሽራ ቤት አልገባም።"