መሪጌታ አስናቀና አልሻገር ያለችው ቀስት

መሪጌታ አስናቀን መጀመሪያ ያየኋቸው ንፋስ መውጫ፣ በጸሐፊዋ በፋንቱ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ሞኒተር ፊት ቆመው ነው። ወንበር ቀርቦላቸዋል፤ አልተቀመጡም። «የየኔታ ሥዩም ድጓ ተከፍቶ እንዴት እቀመጣለሁ?» አሉ። የተከፈተው የብራናው ፎቶ ነበር። እኔም በልቤ ሳቅሁ። ያኔ ብዙ ነገር ያስቀኝ ነበር።

መሪጌታ የስማዳ ሰው ናቸው፤ ከወገዳ ማዶ። ለዜማ ትምህርት እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም ደብር መጥተው እዚያው ቀሩ። ከየኔታ ሥዩም ዘንድ አሥራ አራት ዓመት ተምረው ድጓ አስመሰከሩ፤ የኔታ ሲያርፉም ወንበራቸውን ተረክበው ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። ድጓ የዓመቱን በዓላት መዝሙር ሁሉ የያዘ መጽሐፍ ነው። ከየቃሉ በላይ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉት። የኔታ ሥዩም ሙሉውን በእጃቸው ጽፈውታል፤ በየኅዳጉም ተማሪ የሚስትበትን ቦታ እያመለከቱ ማስታወሻ ጨምረውበታል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ያለው ሌላ ድጓ የለም። ብራናው የተቀመጠበት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ውሃው ቀለሙን ይበላው ጀመር። ብራና ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች መጥተው ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱን ገጽ አነሡትና፣ ፎቶውን ከነኮምፒውተሩ እስከ ግንቦት ድረስ ለፋንቱ ተዉላት። እሷ በንጹሕ ልትተይበው፣ መሪጌታ ሊያርሙት ተስማሙ።

ችግሩ የመሪጌታ ዓይን ነበር። ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሏቸዋል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚያዩት በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር። ፊት ለፊታቸው ያለችውን አንዲት ፊደል አጥርተው ያነቧታል፤ ቀጥላ ያለችውን ግን ፈልገው ማግኘት አለባቸው። «ዓይኔ ሳይዘጋ እያንዳንዱን ገጽ ላየው እፈልጋለሁ። ሌላ የምለምነው የለኝም» አሉኝ።

ፎቶው ያለበት ኮምፒውተር ሁለት ሞኒተር ነበረው፤ በአንዱ ገጹ ሙሉውን፣ በሌላው ጎልቶ ይታያል። ፋንቱ የምትተይበው በራሷ ኮምፒውተር ነው። ማውሱ ሁለት፣ ኪቦርዱ ሁለት። መሪጌታ የማውሱን ቀስት በፎቶው ላይ እያስኬዱ፣ ልጅ ፊደል ሲቆጥር በስንደዶ እንደሚጠቁመው፣ ምልክት በምልክት ይከተሏታል። የምትንቀሳቀስ ነገር ዓይናቸው አይስታትም። ከተተየበው ጋር ሊያስተያዩ ሲሉ ግን ያንን ማውስ ለቀው ይህንን መዳበስ አለባቸው፤ ያኔ መስመሩ ይጠፋቸዋል። መልሰው እስኪያገኙት ሩብ ሰዓት ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ተኩል ሠሩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ፋንቱ በዚህ አካሄድ ዓይናቸው ቀድሞ እንደሚያልቅ ስለገባት እኔን አስጠራችኝ።

እኔ ቸኮል እባላለሁ፤ በኮምፒውተር ጥገና ዲፕሎማ አለኝ፤ በንፋስ መውጫ ከእኔ ወዲያ ባለሙያ የለም ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። ነገሩን ሰምቼ ሳልጨርስ መፍትሔውን አወቅሁት። ኮምፒውተሮችን በገመድ አገናኝቶ አንድ ማውስና አንድ ኪቦርድ ለሁለቱም እንዲያገለግል የሚያደርግ ፕሮግራም አለ። ቀስቷን ወደ ስክሪኑ ዳር ሲገፏት ጠፍታ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትወጣለች። ይህንን ለመሪጌታ አስረዳኋቸው።

«በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ተሻግራ?» አሉ።

«ተሻግራ፣ የኔታ።»

«እስኪ ይህን ያሳየን» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቆሙ። ገመዱን ቀየርሁ። ኮምፒውተሮቹን አጥፍቼ አበራሁ። የመከላከያ ፕሮግራሞቹን ዘጋሁ፣ ስማቸውን ለወጥሁ፣ የቀኙን ሞኒተር ግራ፣ የግራውን ቀኝ አደረግሁ። ቀስቷ ስክሪኑ ዳር ደርሳ ቀጥ ትላለች። በየሙከራው አንድ ቀይ የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ ይላል፤ እኔ ሳላነብ እዘጋዋለሁ። ባለሙያ መልእክት አያነብም፣ ችግሩን ከፊቱ ያውቀዋል፤ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

«ቸኮል፣ ዲፕሎማህን ይዘህ ና» አለችኝ ፋንቱ። «እኔን አላምን ብሎ ይሆናል እንጂ እሱን ካየ ይሠራል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ ስጎትት መሪጌታ ከላይ ጠሩኝ።

«ቸኮል፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓመት ላይ ናቸው?»

«የትኞቹ የኔታ?»

«ኮምፒውተሮቹ። የፋንቱ ጥጉ ላይ 25/3/2010 ይላል። ኅዳር ሃያ አምስት፤ ዛሬ ነው፣ ደግ። ያኛው 4/12/2017 ይላል። አስልቼዋለሁ፤ የፈረንጁ ቀን ነው፣ እሱም አልተሳሳተም። ግን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተራርቀው እንዴት ይግባባሉ? በዓሉን በየራሱ ቀን የሚያውል ካህን ከእኔ ጋር ማኅሌት ሊቆም አይችልም።»

ከጠረጴዛው ሥር ሳልወጣ ፈገግ አልሁ። «የኔታ፣ ቀን ከማውስ ጋር ምን አገናኘው?»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ፣ ያለ አንዳች ቅያሜ።

ወጥቼ እንደገና ሞከርሁ። ቀዩ መልእክት መጣ። ልዘጋው እጄ ሲንቀሳቀስ አፈርሁና አነበብሁት። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከመነጋገራቸው በፊት ቀን የተጻፈበት የይለፍ ወረቀት ይለዋወጣሉ። ያኛው ወረቀቱን በ2017 ጽፎ ይልካል፤ የፋንቱ ኮምፒውተር በራሱ ቁጥር ገና 2010 ላይ ስለሆነ፣ «ይህ ወረቀት ገና አልተጻፈም» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለት ቀን ሙሉ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

«ቀኑን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አልሁ፣ ተቆጥቼ።

ፋንቱ መተየቧን አቆመች። «አንተ ነሃ! ደብዳቤ ላይ የፈረንጅ ቀን እየወጣ ሰው ሲያማርረኝ፣ ያገራችንን ላድርግልሽ ብለህ ቀኑንም ሰዓቱንም የለወጥኸው። ጳጉሜን አልቀበልም ሲል በእጅሽ ጻፊው ያልኸኝ ማን ነው?»

ምን ይባላል? እኔው ነበርሁ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ዓለም ላይ ከእኛ በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም። አራት ዓመት በተማርሁበት ሙያ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሽማግሌ በመርፌ ቀዳዳ አይተው አረሙኝ። መሪጌታ ግን አልሳቁብኝም። የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ ያወቀ ሰው ዓይኑ ቀድሞ ቀን ላይ ማረፉ ለእሳቸው የተለመደ ነገር ነው።

የፋንቱን ኮምፒውተር ከሌላው ጋር አስተካከልሁትና ማውሱን ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። ቀስቷን ቀስ አድርገው ገፏት። ከፋንቱ ስክሪን ዳር ደረሰች፤ ጠፋች፤ በማዶኛው ሞኒተር ብራናው ላይ ወጣች። ደግመው ገፏት፤ ወደ ሦስተኛው ስክሪን አለፈች። መለሷት፤ ተመለሰች። ይህን ፕሮግራም ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ጭኜዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት አየሁት። መሪጌታ ባርኔጣ እንደሚያወልቅ ሰው ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ስሙ ይመስገን፤ ይህንንም ለሰው ልጅ ገለጠለት» አሉ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አንድ እንከን ቀርቶ ነበር። ሞኒተሮቹ ቁመታቸው እኩል ስላልሆነ ቀስቷ በላይ በላይ ስትሄድ ትሻገራለች፣ ዝቅ ስትል ግን ትገታለች። ይህንን እንኳ እኔ አገኘሁት። በፕሮግራሙ ውስጥ የስክሪኖቹን ሥዕል ግርጌ ለግርጌ አሰለፍሁና ክብሬን ጥቂት አስመለስሁ። በየጠዋቱ እየመጣሁ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ቀን መግጠሙን ማየትም ልማዴ ሆነ። ማንም አላዘዘኝም።

ሥራው ገሠገሠ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሠራሉ፤ በጥር በቀን ሁለት ገጽ፣ በየካቲት ሦስት። መሪጌታ ምልክቷን በፎቶው ላይ ያዩና በለሆሳስ ያዜሟታል፤ ቀስቷን ያሻግሩና ፋንቱ በተየበችው ላይ ያሳርፏታል፤ ልክ ከሆነ «እህ» ይላሉ። በሚያዝያ ግን ፋንቱ ወደ ውጭ ወሰደችኝና «ቀስቷ ሳትደርስ ያርማሉ» አለችኝ። ገብቼ አየሁ። እውነቷን ነው። ቀስቷ ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ «ሦስተኛው ቃል ላይ አንድ ምልክት ዘለልሽ» ይሏታል፤ ሄደን ስናይ ተዘልሏል። የኅዳጉን ማስታወሻ ሳይቀር ከነቃሉ ይሉታል። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ያለ አንድ ጉድለት በአንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፈራኋቸው፤ በእውነት ፈራኋቸው።

«የኔታ» አልሁ፣ «ሁሉንም በቃልዎ የሚያውቁት ከሆነ ስለ ምን ዓይንዎን ያደክማሉ? እርስዎ እየነገሯት ፋንቱ ትጽፈው የለም?»

«ድጓውንማ አልረሳውም» አሉ፣ ማውሱን ሳይለቁ። «የየኔታን የእጅ ጽሕፈት ግን በቃል መያዝ አይቻልም። ልሰናበታቸው ነው የመጣሁት።»

በየቀኑ የሚያዩት እየጠበበ ሄደ። መጨረሻ ላይ አንዲቱን ምልክት ስክሪን ሙሉ አጉልተንላቸው ነበር የሚያዩት። ግንቦት ሲጋመስ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ከግርጌው የኔታ ሥዩም በቀይ ቀለም ጸሐፊው በጸሎት እንዲታሰብ ለምነው ስማቸውን ጽፈዋል። መሪጌታ ቀስቷን ስሙ ሥር አቆሟት። ፊታቸውን ስክሪኑን እስኪነካ አስጠግተው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ማንም አላስቸኮላቸውም።

«አየኋቸው» አሉ በመጨረሻ። ወደ ፋንቱም ዞሩ። «መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሙ ከግርጌ ይታሰባል። ከየኔታ ሥር የክርስትና ስምሽን ጻፊ።»

ፋንቱ አለቀሰችና ጻፈች። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ሊያርሙ ማውሱን ይዘው ቀስቷን ገፏት። ከብራናው ወጣች፣ ተሻገረች፣ አዲሱ ስም ላይ ደረሰች። ቀና ብለው ብዙ ተመለከቱ።

«አሁን አላየሁትም» አሉ። «አንብቢልኝ።»

«ወለተ ሐና» አለች ፋንቱ።

«እህ» አሉ መሪጌታ፣ እጃቸውንም ከማውሱ ላይ አነሡ።