የእታለማሁ ማመልከቻ

እታለማሁ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ቤቴ ስትመጣ ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ የኩሽናዬን መሳቢያ ትነካካለች፤ የላላ ብሎን ካገኘች በቢላ ታጠብቀዋለች። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ተጎራብተናል፤ አንድ ቀን ሻይዋን ጨርሳ ስትሄድ አላየሁም።

በዲቪ ስትመጣ ከባሕር ዳር የምሕንድስና ዲግሪ ይዛ ነበር። ክሪስታል ሲቲ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሦስት ዓመት ቲኬት ቆረጠች፤ ጎን ለጎን ኮሌጅ ገብታ እንደገና ተማረች። አሁን እዚሁ አቅራቢያችን፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ የድልድይ ስሌት ትሠራለች። በቢሮው ጥቁር ሴት መሐንዲስ እሷ ብቻ ናት። ሳይት ስትወጣ ዛሬም ኢንጂነሩ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቋታል። እሷ ታሰላለች፣ አለቃዋ ይፈርማል። በገዛ ስሟ ለመፈረም ላይሰንስ ያስፈልጋታል። ስምንት ሰዓት የሚፈጀውን ፈተና ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው በኋላ ስሙንም አላነሳው።

የቀራት የሥራ ልምዷን ጽፋ ላይሰንስ ለሚሰጠው ቦርድ ማስገባት ነበር። ባለፈው መጋቢት ማመልከቻው ተመለሰባት። የራስሽ ሥራ የቱ እንደሆነ አይታይም፤ አስተካክለሽ፣ አለቃሽን አስፈርመሽ በሠላሳ ቀን ካልላክሽ ፋይሉ ይዘጋል ይላል አብሮት የመጣው ደብዳቤ።

ማመልከቻውን ይዛ መጣች። ሳነበው ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ፕሮጀክት ተዘርዝሯል፤ በሷ አጻጻፍ ሁሉንም የሠራው አለቃዋ ነው፣ እሷ ያገዘች ብቻ ናት። የእግረኛ ድልድዩን እንኳን! ያንን ድልድይ በልደቴ ቀን ሶፍት ላይ ስታሰላ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አንቺ የት አለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ራሴን ላወድስ?» አለች ከበር እስከ መስኮት እየተመላለሰች።

አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሥራሽን ሌላ ሰው ይናገርልሽ እንጂ አንቺ አትናገሪ ብለው ነው ያሳደጓት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ ነበር። እንጀራም አይገባም አልኳት። አኮረፈች። በማግስቱ ግን መጻፍ ጀመረች። አንድ መስመር ጽፋ ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ ታጠፋዋለች። አለቃዬ ቢቀየመኝስ እያለች እንቅልፍ አጣች፤ እኔንም አሳጣችኝ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ለአለቃዋ ሰጠችው። እስክሪብቶውን ይዞ ሲያነብ ቆይቶ የእግረኛ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ይሄ እንኳን የኔ ነው አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዋን በሱ ስም ስታቀርብለት ኖራ እሱም አምኖት ነው። እሷ ግን የስሌት ወረቀቶቿን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

ይህን የነገረችኝ ከቢሮው ፓርኪንግ ሆና ኮል አድርጋ ነው። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሞተሩን ገና አላስነሳችም።

«‹ኖ፣ ያሰላሁት እኔ ነኝ› አልኩት» አለችኝ።

«ፈረመልሽ?»

«ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልኩት።»

«እታለማሁ፣ ፈረመልሽ ወይ?»

«ፈርሟል፣ ፈርሟል» አለች ትዕግሥቷ አልቆ። «አልኩት እኮ ነው የምልሽ።»